ወፍ ጠባቂና ወፍ ተመልካች

በቋንቋችን «ወፍ ጠባቂ» የሚባል ሰው አለ። ስሙን ብቻ የሰማ፣ ወፎችን ከአደጋ የሚከላከል ደግ ሰው ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ወፍ ጠባቂ ማለት ማሽላው ማሸት ሲጀምር ማማ ላይ ወጥቶ፣ ወንጭፉን እያጮኸ፣ ከንጋት እስከ ምሽት ወፍ ሲያባርር የሚውል ልጅ ነው። ጥበቃው ለእህሉ ነው፤ ወፏ የምትጠበቀው ሌባ በሚጠበቅበት ዓይን ነው። ወፍን ሊያባርራት ሳይሆን፣ አጥምዶ ሊበላትም ሳይሆን፣ ሊያያት ብቻ ብሎ ቆሞ ለሚውል ሰው ግን ቋንቋችን ያወጣለት ስም የለም። «ወፍ ተመልካች» ብንለው እንኳ ለጆሮ እንግዳ ነው።

ስም አለመውጣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። የግሪሳ መንጋ አንድ ጧት ወርዶ የዓመት ልፋቱን ገለባ አድርጎበት የሄደ ገበሬ ስለ ክንፍ ቀለምና ስለ ድምፅ ልዩነት እንዲያወራን መጠበቅ ግፍ ነው። ወፍን ለማየት ብቻ የሚያይ ሰው በመጀመሪያ ወፍን ከመፍራት ነፃ የወጣ መሆን አለበት። ይህም ሰው ብዙውን ጊዜ ጤፉን ከወፍጮ ቤት የሚገዛ ከተሜ ነው።

እኔም ከነዚህ ከተሜዎች አንዱ ነኝ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በአምቦ መንገድ፣ ገፈርሳ ግድብ አካባቢ ቆሜ መነጽሬን ወደ ውኃው የማነጣጥርበት ቀን ብዙ ነው። አንድ ቀን ከብት የሚያግዱ አዛውንት አጠገቤ ቆሙና «ልጄ፣ ምን ጠፍቶህ ነው?» አሉኝ። ምንም እንዳልጠፋብኝ፣ ወፎቹን እያየሁ መሆኔን ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ «እሺ፤ አይተህስ?» አሉ።

በአባባላቸው ውስጥ ፌዝ አልነበረም። ሰው ላደረገው ነገር ሁሉ ቀጥሎ የሚመጣ ነገር መኖር አለበት ብለው ስለሚያምኑ ጠየቁ እንጂ። ጥያቄዋ አጭር ብትሆንም ቀላል አይደለችም። ለመሆኑ ማየት ብቻውን ምን ይሠራል? የሚያይ ሰው ለሚያየው ነገር ዕዳ አለበት ወይስ የለበትም?

በመጀመሪያ ወፎቹ ስለሚያርፉበት ውኃ ጥቂት እንበል። ገፈርሳ እግዚአብሔር የፈጠረው ሐይቅ አይደለም፤ የመዲናዋ ሰው የሚጠጣው እንዲያገኝ የተገደበ ውኃ ነው። ቆቃም እንዲሁ ነው። አዋሽን ገድቦ 43 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የታቀደው ይህ ሥራ በ1960 እ.ኤ.አ. ሲጠናቀቅ፣ ገንዘቡ የተገኘው ኢጣልያ ለወረራዋ ከከፈለችው የጦር ካሣ ነበር። ሁለቱም ውኃዎች የተጠራቀሙት ለሰው ነው። ውኃ ግን ለማን እንደ ተጠራቀመ አያውቅም። ዳሩ ረግረግ ሆነ፤ ቄጠማ በቀለበት፤ ዓሣው ረባ፤ እንግዶቹም መጡ። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የማይገኘው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ገፈርሳ ዳር ሣር ሲነጭ ይታያል። ቆቃ ላይ ፔሊካኑ እንደ ጀልባ ይንሳፈፋል፤ በአውሮፓና በእስያ በረዶው ሲበረታ ደግሞ የይብራ መንጋ ብርዱን ሸሽቶ ይደርሳል።

የዚህ ዓይነቱ ነገር ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው በረሃ ላይ በተቆረቆሩ ከተሞች ነው። ከአቡ ዳቢ ከተማ ወጣ ብሎ አል ወትባ የተባለ ረግረግ አለ። የፈጠረው ምንጭ ወይም ወንዝ አይደለም፤ ከተማዋ ተጠቅማበት ያጣራችው ፍሳሽ በጨዋማው ሜዳ ላይ መጠራቀሙ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. ፍላሚንጎዎች እዚያ እንቁላል ጥለው ጫጩት ፈለፈሉ፤ በዚያው ዓመት ሥፍራው ተከልሎ የሚጠበቅ ቦታ ሆነ። የሰው እጣቢ ለወፍ ገነት ሆነላት ማለት ነው።

እንግዲህ አንድ ሰው ተነሥቶ «እኛ አልጠራናቸውም፤ ስለዚህ ዕዳ የለብንም» ሊል ይችላል። ሲሰሙት ቀጥ ያለ ክርክር ይመስላል። ዕዳ ከቃል ኪዳን ይመጣል፤ ለወፍ ደግሞ ቃል የገባ የለም። ነገር ግን ይህን ክርክር የገዛ አገራችን ልማድ አይቀበለውም። ፀሐይ የጠለቀችበት መንገደኛ ደጃፍ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ሲል፣ ባለቤቱ «መች ጠራሁህ?» ብሎ አይመልሰውም። እንግድነቱ የመጣው ከጥሪ ሳይሆን ከመምሸቱ ነው። ቤቱ ተሠርቷል፤ ጭሱ ከሩቅ ታይቷል፤ መንገደኛውም ጭሱን አይቶ አቅጣጫውን አቃንቷል። ጭስ ያሳየ ሰው ባይጠራም ጠርቷል።

ውኃ የገደበም እንዲሁ ነው። ሰሐራን አቋርጣ የምትመጣ ወፍ ከላይ ሆና የምታየው ውኃ መኖሩን ብቻ ነው፤ ለምን እንደ ተገደበ አትጠይቅም። አንድ ጊዜ አርፋ ከለመደችው በኋላ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ተማምና ትነሣለች። ዕዳው የሚወለደው እዚያ ላይ ነው። ያሰብነው ነገር ሳይሆን የታመንበት ነገር ባለ ዕዳ ያደርገናል።

ሌላም ነገር አለ። ወፎቹ ሰው ሠራሽ ውኃ ፍለጋ የሚመጡት የተፈጥሮው ውኃ እየጠፋባቸው ጭምር ነው። ሐረማያ ሐይቅ ለሐረር ከተማ መጠጥ፣ ለጫትና ለአትክልት ማሳ መስኖ ሲቀዳለት፣ ደለልም ሲሞላው ኖሮ በ2000ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ደረቀ። ኋላ በከፊል ተመልሷል፤ ውኃው በሌለባቸው ዓመታት ተማምኖ የመጣ ወፍ ግን ያገኘው ደረቅ አፈር ነው። ስለዚህ ቆቃ ለአገሪቱ የጦር ካሣ እንደ ነበረ ሁሉ፣ ግድቦቻችን ለወፎቹ ሳናስበው የከፈልነው ካሣ ናቸው ብንል ከእውነት አንርቅም። የከፈሉትን ካሣ መልሶ መቀማት ደግሞ ከመጀመሪያው በደል የከፋ ነው።

እስከዚህ ድረስ ለወፎቹ ስከራከር ቆየሁ። አሁን በተመልካቹ ላይ ልከራከር።

ቅድም ወደ ጠቀስኩት በረሃ የሚሄደው ወፍ ብቻ አይደለም። ብዙ እህቶቻችንም እንጀራ ፍለጋ ያንኑ ባሕር ተሻግረው በባህረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት ያገለግላሉ። ለፍላሚንጎዋ አጥርና ጠባቂ ሲቆምላት፣ ፓስፖርቷን አሠሪዋ የያዘባት ልጅ አቤት የምትልበት በር ያጣችበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ይህን የምለው አንድን አገር ለይቼ ለመክሰስ አይደለም። ቆቃም ሲሞላ የአዋሽ ሸለቆ ሰው የግጦሽና የእርሻ መሬቱ በውኃ ተውጦበታል። ነገሩ ሌላ ነው፤ ወፍን መውደድ ሰውን ከመውደድ ይቀላል። ወፍ ደመወዝ አትጠይቅም፤ አትከራከርም፤ የምትለውን የሚተረጉምላት አያስፈልጋትም፤ ወቅቱ ሲደርስም ራሷ ትሄዳለች። ስለዚህ ወፍ ተመልካች ሁሉ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው ነገር አለ፦ እኔ የምደሰትበትን የዚህን መስተንግዶ ወጪ የሚችለው ማን ነው?

ይህን ጥያቄ ይዘን ወደ ደቡብ ጎንደር ብንሄድ ፎገራ ላይ መልስ እናገኛለን። ፎገራ ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ ወደ ጣና ሲወርዱ በክረምት የሚያጥለቀልቁት ሜዳ ነው። ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ገበሬው ውኃውን በማሳው ላይ እያቆረ ሩዝ ማብቀል ያዘ፤ ሜዳው በአንድ ጊዜ እርሻም ረግረግም ሆነ። ክረምቱ ሲወጣ፣ ባለሙያዎች «ክሬን» የሚሏቸው ረጅም እግርና አንገት ያላቸው ግራጫ ወፎች ከሰሜን አውሮፓ መጥተው በጣና ዙሪያ ይሰፍራሉ። ዘውድ የደፋው፣ የአገሩ ተወላጅ የሆነው ጥቁር ዘመዳቸውም በዚያው ይኖራል። ጣናና አካባቢው በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ሲመሽ እነዚህ ወፎች እየተጠራሩ፣ በሰልፍ ሆነው ወደ ማደሪያቸው ሲበሩ ያየ ሰው፣ ያን ዕለት ሌላ ነገር ማየት አያምረውም።

የገበሬው ምሽት ግን ሌላ ነው። ወፎቹ ከአጨዳ በኋላ የወደቀውን ፍሬ ቢለቅሙ ቅር አይለውም። በቀረው እርጥበት በዘራው ጓያና ሽምብራ ላይ ሲወርዱ ግን ጉዳቱ የእሱ ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት ቀርቶ ማሳ ዳር ይቆማል። የእኔ ዓይን የጠገበው የዚያ ልጅ ደብተር ባዶ በመቅረቱ ነው ማለት ነው። እሱ ወፍ ጠባቂ፣ እኔ ወፍ ተመልካች፤ ሁለታችንም የምናየው አንዲቷን ወፍ ነው፤ ዋጋዋን የሚከፍለው ግን እሱ ብቻ ነው። ሌላው በደገሰው ድግስ በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ አመስግኖ እንኳ ሳይወጣ የሚሄድን ሰው ምን እንለዋለን?

መልሱን ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። ከፎገራ ወደ ምሥራቅ፣ ከጉና ወዲያ፣ በጋይንት ምድር ቤተ ልሔም አለች። ቤተ ልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት፤ ከየአገሩ ድጓ የተማረ ሰው ዜማውን አቃንቶ ሊያስመሰክር የሚሄደው ወደዚያ ነው። የዜማው አባት ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አክሱም ላይ ዜማውን የተማረው ከገነት ከመጡ ሦስት ወፎች እንደ ሆነ ትውፊታችን ይናገራል። ታሪኩን እንደ ተጻፈ የሚቀበለው አለ፤ እንደ ምሳሌ የሚያየውም አለ። ለእኔ የሚበልጥብኝ በውስጡ ያለው ሥርዓት ነው። ያሬድ ወፎቹን አላጠመዳቸውም፤ አላባረራቸውም፤ ሰምቶ ተደስቶም ዝም ብሎ አልሄደም። የሰማውን ለሌላው አደረሰ። መስማቱ ዕዳ ሆነበት፤ ዕዳውንም በአገልግሎት ከፈለ። ዛሬም ድጓን ለመዝለቅ የቆሎ ተማሪው ዓመታት ይፈጅበታል፤ ለዜማው በነፃ የደረሰ ማንም የለም።

ስሟ ደግሞ ሌላውን ግማሽ ይነግረናል። ቤተ ልሔም ማለት የእንጀራ ቤት ማለት ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የመሥዋዕቱ ኅብስት የሚዘጋጅባት ቤትም ስሟ ይኸው ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ቤተ ልሔም፣ ሞዓባዊቷ ሩት በባዕድ አገር፣ በቦዔዝ እርሻ ላይ ቃርሚያ የለቀመችባት ከተማ ናት። ቃርሚያ ሕግ ነበረው። ባለ እርሻው የማሳውን ዳር አሟጦ እንዳያጭድ፣ የወደቀውንም እንዳይለቅም፣ ለድኻና ለመጻተኛ እንዲተው ታዝዟል። ይህ ከምጽዋት ይለያል። ምጽዋት ከተረፈ ላይ የሚሰጥ ነው፤ ቃርሚያ ግን ገና ሲዘራ የእንግዳው ድርሻ በማሳው ውስጥ እንዳለ ማወቅ ነው። ልክም አለው፤ ቃርሚያ ለቃሚው ነዶውን አያነሣም።

ሕጉ ለግድቦቻችን ቢተረጎም ብዙ የሚያስቸግር አይደለም። ዳሩ ላይ ያለውን ቄጠማ አሟጦ አለማጨድ፣ ፍሳሽ አለመልቀቅ፣ ውኃውን እስከ መጨረሻው ጠብታ አለመምጠጥ ነው። ከተማ ይህን ያህል ዳር ለመተው አቅም አያንሰውም።

ፎገራ ላይ ግን ነገሩ ይከብዳል። ቦዔዝ ባለጸጋ ነበር፤ የፎገራ ገበሬ ቦዔዝ አይደለም። የማሳው ዳር ከመካከሉ ያን ያህል የማይርቅበትን ሰው «ዳሩን ለወፍ ተው» ብሎ ማዘዝ ሕጉን መገልበጥ ነው፤ ሕጉ የወጣው ለድኻ ነበርና። እዚህ ላይ ዳሩን መተው ያለበት ከወፎቹ መኖር የሚጠቀመው ሌላው ወገን ነው። ወፎቹን ሊያይ የሚመጣ እንግዳ፣ እሱን የሚያሳድረው ሆቴል፣ የሚያጓጉዘው ድርጅት፣ በወፎቹ ስም የሚታወቀውም አገር ከሚያገኙት ላይ ጥቂቱ ቡቃያው የተበላበት ገበሬ ደጃፍ መድረስ አለበት። ይህ ውለታ ሳይሆን ሒሳብ ነው።

ገንዘብ የሌለው ተመልካችም ከዕዳው አያመልጥም። በ1966 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር የውኃ ወፎችን ሲያስቆጥር የቆየው፣ ያልተቆጠረ ነገር ቢጠፋም የሚጮኽለት ስለሌለ ነው። ስንት እንደ ነበሩ የጻፈ ሰው ከሌለ፣ የገፈርሳ ዝይ አንድ ዓመት ባትመጣ መቅረቷን ማን ያውቃል? አይቶ መመስከር ድኻም ሊከፍለው የሚችል ዕዳ ነው። ምስክርነቱ ግን ለወፏ ብቻ ከሆነ ጎዶሎ ነው፤ የመጡትን ወፎች የቆጠረ ሰው ወፍ ለማባረር ከትምህርት የቀሩትን ልጆችም ሊቆጥር ይገባዋል።

ምናልባት እንግዲህ አዲስ ስም መፈለጉ አያስፈልገን ይሆናል። «ወፍ ጠባቂ» ጥሩ ስም ነው፤ በቃሉ ውስጥ መከላከልም መጠበቅም አለና ለእኛም ይበቃን ነበር። አሁን ግን ባለቤት አለው። ማማው ላይ የቆመው ልጅ ወርዶ፣ ደብተሩን ይዞ ትምህርት ቤት የሚውልበት ቀን ሲመጣ ስሙ ያለ ሥራ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ልንወርሰው እንችላለን። እስከዚያው ድረስ ስሙም ድካሙም የልጁ ነው፤ የእኛ ደግሞ ዕዳው ነው።