ወንድምህ ቢበድልህ



ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ብዙዎቻችን የምናውቀው ሽማግሌ መላክን ወይም መክሰስን ነው። ቅዱስ መጽሐፍ ግን ከሁለቱ የሚቀድም መንገድ ያሳየናል። የአብርሃምና የሎጥ እረኞች በተጣሉ ጊዜ አብርሃም ዳኛ አልፈለገም፤ ታላቅ ሆኖ ሳለ ምርጫውን ለታናሹ ሰጠ (ዘፍ. 13)። ምድር ሰፊ ስለ ነበረች ይህ ተቻለ። በሰሎሞን ፊት የቆሙት ሁለት ሴቶች ግን የሚካፈሉት ነገር አልነበራቸውም፤ ሕፃን አይካፈልም (1ኛ ነገ. 3)። እንዲህ ላለው ጉዳይ ዳኛ ግድ ነው።

በመካከል ያለውን ሁሉ እኛ በአንድ ስም ሽምግልና እንለዋለን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም፣ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1237ም ግን ሁለት ነገር ለይተዋል። አስታራቂ ያቀራርባል እንጂ አይፈርድም። በግልግል ዳኝነት ግን ተከራካሪዎቹ ተስማምተው የመረጡት ሰው ይፈርዳል፤ ፍርዱም ያስራቸዋል።

ስለ ዕርቅ የሚያሳስበን ነገር አለ። ተበዳዩ በቅጡ ሳይሰማ «ተው፣ ስለ እግዚአብሔር!» እየተባለ ሲታረቅ አይተናል። ተበዳይዋ ታናሽ እኅት ስትሆን ደግሞ ዝም ማሰኘቱ ይብሳል። ድብደባና ግፍ ያለበት ነገር ወደ ሕግ መሄድ አለበት እንላለን። ቅዱስ ጳውሎስ ወንድም ወንድሙን በማያምኑ ፊት መክሰሱን ነቅፏል (1ኛ ቆሮ. 6)፤ እርሱ ራሱ ግን ግፍ በመጣበት ጊዜ ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሏል (ሐዋ. 25)።

የዕለት ተዕለት ቅሬታችን ግን አብዛኛው እዚያ የሚያደርስ አይደለም። ጌታችን በማቴ. 18 ተራውን አስተምሮናል፤ አስቀድሞ ሁለቱ ብቻቸውን፣ ቀጥሎ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዞ፣ በመጨረሻ ለቤተ ክርስቲያን። እኛ ከኋላ እንጀምራለን። አንዱ መዘምር ቅር ሲሰኝ ባልንጀራው ሳይሰማ ግቢው ሁሉ ይሰማል። ያን ጊዜ የተበደለውም ያሳዝናል፣ የበደለውም ያፍራል፤ ሽማግሌውም የሚያስታርቀው ሁለት ሰው ሳይሆን ሁለት ወገን ይሆንበታል።

ደግሞ በማቴ. 5 ወንድሙ የተቀየመበት ሰው መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ እንዲሄድ ታዟል። እንግዲህ «እርሱ ይምጣ» ማለት ለበዳይም ለተበዳይም አልተፈቀደም። ሄደን ካልሰማን ይዘን የምንመለሰው ሰው ለእኛ የሚወግን ጓደኛ አይሁን፤ ሁለታችንም የምናከብረው ይሁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።