ክብር ደመወዝ ነውን?

የሰው ልጅ ክብሩን ከወዴት ያገኛል የሚለው ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ ፈላስፎችንና መምህራንን ሲያከራክር የኖረ ነው። አንዳንዶቹ ክብር የሥራ ፍሬ ነውና የሚጠቅም ይከበራል፥ የማይጠቅም ይናቃል ይላሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ክብር በሰው አንደበት ላይ ያደረ ነገር ስለ ሆነ ሕዝብ ያነሣው ይነሣል፥ ሕዝብ የጣለው ይወድቃል ብለው ይፈርዳሉ። መጽሐፍ ቅዱስ ግን ሰው ገና አንዳች ሥራ ሳይሠራና ማንም ሳያመሰግነው በእግዚአብሔር አርአያና አምሳል መፈጠሩን በመናገር፥ የክብርን ምንጭ ከሥራም ከምስጋናም ያስቀድመዋል። ይህን ትምህርት በቃል የማይቀበል ክርስቲያን የለም፤ በኑሮ መፈጸሙ ግን ምን ያህል እንደሚከብድ የአንድ ካናዳዊ ተጫዋች ታሪክ ያስረዳልና፥ እርሱን ተከትለን ነገሩን እንመርምር።

ኢታን ቤር በ1997 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው) በሳስካችዋን ክፍለ ሀገር የተወለደ፥ አውሮፓውያን ከመምጣታቸው አስቀድሞ በዚያች ምድር ከኖሩት ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የክሪ ሕዝብ ልጅ ነው፤ ያደገውም ኦቻፖዌስ በተባለው የወገኖቹ ቀዬ ነው። ሙያው የበረዶ ሆኪ ነው፤ ይኸውም ተጫዋቾች ስለታም ብረት በተገጠመለት ጫማ በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ፥ የእኛን የገና ዱላ በሚመስል ጫፉ በቈለመመ በትር፥ ከጠንካራ ላስቲክ የተሠራች ክብና ጠፍጣፋ ነገር ወደ ባላጋራቸው ግብ የሚሰዱበት ጨዋታ ነው። ኤድመንተን ኦይለርስ የተባለው ቡድን በ2015 በ124ኛ ተራ መረጠው፤ በ2017 ከሲያትል ተንደርበርድስ ጋራ የምዕራቡን የወጣቶች ሊግ ዋንጫ ሲያነሣ የሊጉ ምርጥ ተከላካይ ተባለ፤ በማርች 2018 ደግሞ የሙያው ቁንጮ በሆነው በብሔራዊ የሆኪ ሊግ የመጀመሪያ ግጥሚያውን አደረገ።

የተከላካይ ዕጣ ከአጥቂ ዕጣ ይለያል። አጥቂ የሚመሰገነው ሁሉ ባየው ነገር ነው፤ ተከላካይ ግን ድካሙ ሁሉ ክፉው እንዳይደርስ ስለ ሆነና ያልደረሰ ክፉ ነገርም ምስክር ስለሌለው፥ ቀኑን ሙሉ በትጋት ሲጠብቅ ቢውል ልብ የሚለው ጥቂት ሲሆን፥ አንድ ጊዜ በሳተ እንደ ሆነ ግን አዳራሹ ሁሉ ያየዋል። ክብርን በሥራ ብቻ የሚመዝን ዳኛ በእንዲህ ያለው ሰው ላይ በቅን ሊፈርድ አይችልም፤ ሚዛኑ የሚያየው ጥፋቱን እንጂ ጥበቃውን አይደለምና።

በጁላይ 2020 ሊጉ በወረርሽኙ ምክንያት ያለ ተመልካች ጨዋታውን ሊቀጥል በተዘጋጀ ጊዜ፥ ቤር ከካልጋሪ ቡድን ጋራ በተደረገው የዝግጅት ግጥሚያ ላይ በጀርባው ስሙ በክሪ ፊደል የተጻፈበትን መለያ ለብሶ ወጣ። ይህ ለሩቅ ተመልካች ጌጥ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከመቶ ዓመት በላይ በካናዳ የነበሩትን የነባር ሕዝቦች አዳሪ ትምህርት ቤቶች ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ከጌጥ እጅግ ይበልጣል። ከ150,000 የሚበልጡ ሕፃናት ከወላጆቻቸው ተለይተው በገቡባቸው በእነዚያ ቤቶች ጠጕራቸው ይቈረጥ፥ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሲናገሩ ይቀጡ፥ በብዙ ቦታም በስማቸው ፈንታ በቍጥር ይጠሩ ነበር። የእነዚህን ቤቶች ታሪክ የመረመረው የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን በ2015 ሥራውን ሲፈጽም ድርጊቱን የባህል ዘር ማጥፋት ብሎ ሰይሞታል። በ1953 እና በ1954 መካከል ለቺካጎ በመሰለፍ በብሔራዊው ሊግ ከተጫወቱት ነባር ሕዝቦች ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ የነበረው፥ የዚያው የሳስካችዋን ክሪ ተወላጅ ፍሬድ ሳሳካሙስ፥ ሆኪን የተማረው ከእነዚሁ ትምህርት ቤቶች በአንዱ፥ እርሱ ራሱ በኋላ እንደ መሰከረው ብዙ ግፍ በተቀበለበት ቅጥር ውስጥ ነበር። እንግዲህ አባቶቹ ስማቸውን የተነጠቁበት ሰው ስሙን በአባቶቹ ፊደል ተሸክሞ በአደባባይ በቆመ ጊዜ፥ ክብሩን ከሊጉ አልለመነም፤ ከመወለዱ ጋራ የተሰጠውን ገለጠ እንጂ።

ፈተናውም ሳይዘገይ መጣ። በሜይ 2021 ኦይለርስ የሊጉ አሸናፊ ለሚወስደው ለስታንሊ ዋንጫ በሚደረገው ፉክክር የመጀመሪያ ዙር በዊኒፔግ ጄትስ በተከታታይ አራት ግጥሚያዎች ተሸንፎ በወጣ ጊዜ፥ አንዳንድ ሰዎች የሽንፈታቸውን ንዴት በቤር ላይ በማፍሰስ በማኅበራዊ መገናኛ በኩል ዘሩን የሚያዋርድ ስድብ ላኩበት። ክብርን እንደ ደመወዝ የሚቈጥር ኅሊና በመጨረሻ የሚደርሰው ከዚህ ነው፤ ሥራው ባማረ ቀን የእኛ ነው የተባለው ሰው፥ ሥራው ባላማረ ቀን ባዕድ ተብሎ የተሰጠው ሁሉ ይነጠቃል። ነገር ግን የሚነጠቅ ነገር ቀድሞም ክብር አልነበረም፤ ውዳሴ ነበር።

ተሰዳቢው ምን ያድርግ? ስድብን በስድብ መመለስ የተሰደበውን ከሰዳቢው ጋራ አንድ ያደርገዋል፤ ፈጽሞ ዝም ማለት ደግሞ ብዙ ጊዜ ትዕግሥት እየተባለ ቢመሰገንም፥ ግፈኛው ግፉን እንደ መብት እንዲቈጥረው ያደርጋል። ጌታችን በሊቀ ካህናቱ ፊት በጥፊ በተመታ ጊዜ ያደረገውን የዮሐንስ ወንጌል ሲተርክ፥ መልሶ እንዳልመታ፥ ነገር ግን ስለ ምን እንደ መታው መቺውን እንደ ጠየቀው ይነግረናል። ቤርም ቂም በሌለበት ቃል በአደባባይ ተናገረ፤ በወገኖቹና በትውልድ ቀዬው እንደሚኮራ፥ የተሰደበውም ስድብ ደጋፊዎችን ሁሉ እንደማይወክል ገልጦ፥ ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ትውልድ ሲባል ዘረኝነት በኅብረት እንዲወገድ ለመነ። ይህ ሦስተኛው መንገድ፥ ማለት እውነትን ያለ ጥላቻ መናገር፥ እውነተኛው ትዕግሥት ነው፤ ክብሩ በሰዳቢው እጅ እንዳልሆነ የሚያውቅ ሰው ብቻም ሊሄድበት ይችላል።

እዚህ ላይ ለእኛ ለክርስቲያኖች አንድ የሚያሳፍር ነገር አለ። እነዚያን ትምህርት ቤቶች በመንግሥት ፈቃድና ገንዘብ ያስተዳድሩ የነበሩት የካቶሊክ፥ የአንግሊካንና የሌሎችም አብያተ ክርስቲያናት ሰዎች ነበሩ፤ ሰው በእግዚአብሔር አርአያ ተፈጠረ ብሎ ያስተማረው አፍ ያንኑ አርአያ በሕፃናት ላይ አቃለለ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በጁላይ 2022 በአልበርታ ክፍለ ሀገር ወደሚገኘው ወደ ማስክዋቺስ፥ የክሪ ሕዝቦች ወደሚኖሩበት ስፍራ ሄደው ይቅርታ መጠየቃቸው ታላቅ ነገር ነው። ሆኖም በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ኃጢአቱን ለተናዘዘ ሰው ቀኖና እንደሚሰጠው ሁሉ፥ ኑዛዜው ብቻውን ፍጻሜ አይሆንም፤ ኮሚሽኑ ያቀረባቸው 94 ጥሪዎች ለመንግሥትም ለአብያተ ክርስቲያናትም የቀረቡ ቀኖና ናቸውና ሳይፈጸሙ ንስሐው ሞላ ሊባል አይገባም።

ምናልባት አንድ ሰው፥ ሥራ ካልተመዘነ ትጋት ከወዴት ይመጣል ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ሥራ ይመዘን፤ ተከላካይ በሳተ ጊዜ ስሕተቱ ይነገረው፥ የሚበልጠውም ሰው ቦታውን ይውሰድ። ቤር ራሱ ከዚያች ስድብ በኋላ በዚያው ዓመት ወደ ካሮላይና፥ ቀጥሎም ወደ ቫንኩቨርና ወደ ዋሺንግተን ሄዷል፤ በ2023 ካናዳ የዓለምን ሻምፒዮና ወርቅ ስትወስድ ከቡድኑ አባላት አንዱ ነበረ፤ ከዚያም በሁለተኛው ደረጃ ሊግ ለኸርሺ ተጫውቷል። ሙያ ይወጣል፥ ይወርዳል፤ ሥራን የሚመዝን ሚዛን ግን ሰውየውን እንዲመዝን አልተፈቀደለትም፤ ወርቁ በክብሩ ላይ አልጨመረም፥ ዝቅተኛው ሊግም ከክብሩ አልቀነሰም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ በቤትህ የሚያገለግልህን፥ በመሥሪያ ቤትህ ከበታችህ ያለውን፥ ደጃፍህንም ሌሊቱን የሚጠብቀውን ሰው ባሰብህ ጊዜ ራስህን መርምር። የሠራውን ሥራ በቅን ሚዛን መዝን፤ ደመወዙንም ሳታጐድል ክፈል። ክብሩን ግን አንተ አልሰጠኸውምና፥ ባጠፋ ቀን ልትነሣው ሥልጣን የለህም።