«አላየሁም» ማለት ይበቃልን?

ከጎንደር አይከል 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወደ መተማ የሚዘልቀው ይህ መንገድ በየዳሩ ሰው አያጣም፤ ከገበያ የሚመለሰው፣ አህያ የሚነዳው፣ ፍየል የሚያግደው ልጅ ሁሉ የሚሄደው በእሱ ነው። ባለፈው ክረምት ከመግሪብ በኋላ በአሮጌዋ ኮሮላዬ ወደ አይከል ስመለስ አንድ አዛውንት ድንገት ከፊቴ ድቅን አሉ። ፍሬን ይዤ መሪውን አጠመዘዝኩ። አልሐምዱሊላህ፣ ሳልነካቸው አለፍኩ።

ወርጄ «አባቴ፣ አፉ ይበሉኝ፤ አላየሁዎትም» አልኳቸው።

«እኔማ መብራትህን ከሩቅ አይቼ ነበር፤ ያየኸኝ መስሎኝ ነው እንጂ መች እቆም ነበር!» አሉኝ።

ውድ አንባቢዬ፣ ይህ ቃል ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ። የፊት መብራት ለእኔ ማያ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካስ ለእግረኛው «አይቼሃለሁ» የሚል ቃል ኪዳንም ኖሯል! የእኔ መብራት ቃሉን ይሰጣል፤ አይፈጽመውም።

ጥፋቱ ደግሞ የአንድ ቀን አልነበረም። የመብራቱ የፕላስቲክ ሽፋን ከፀሐይ ብዛት ቢጫ ሆኖ ደብዝዟል፤ ከኋላው ብርሃኑን የሚመልሰው ብርማ ገጽም ጠቁሯል። ይህ ሁሉ የሚሆነው በዝግታ ነውና ዓይን ይለምደዋል። አምፖሉ እስከበራ ድረስ መብራቱ ደህና ነው እል ነበር። እንዲያውም (ልናዘዝ መሰለኝ) ለቦሎ ምርመራ ስሄድ በጥርስ ሳሙና ፈትጌው አውቃለሁ። ለመርማሪው እንጂ ለመንገደኛው አስቤ አልነበረም።

እንግዲህ «አላየሁም» ምክንያት ይሆናልን? ሱረቱ አን-ኒሳእ 92ኛው አንቀጽ ላይ ምእመንን በስህተት የገደለ ሰው፣ ቤተሰቡ ካልማሩት በቀር፣ ጉማ እንዲከፍል፣ ባሪያም ነፃ እንዲያወጣ፣ ያላገኘ ሁለት ተከታታይ ወር እንዲጾም ታዟል። ሆን ብሎ ያላደረገው እንኳ በዝምታ አልታለፈም። መብራቱ መድከሙን እያወቀ የሚነዳውስ ከተሳሳተው ጋር ይቆጠራልን? ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) በዒራቅ ምድር አንዲት በቅሎ ብትደናቀፍ መንገዱን ባለማስተካከላቸው እንዳይጠየቁ ይፈሩ እንደነበር ይተረካል። እርሳቸው መዲና ነበሩ፤ በቅሎዋን አላዩዋትም።

«ገንዘቡስ ከየት ይምጣ?» የሚል አይጠፋም፤ እውነቱን ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን አስወድዷል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ ያረጀችው መኪና ከእጃችን ቶሎ አትወጣም፤ ዕቃዋም ውድ ነው። ብዙ ሾፌር በእሷ ልጆቹን ያበላል። ነገር ግን መብራቱን መለወጥ ያልቻለ ሰው ለጊዜው ቀን ቀን መንዳት ይችላል። ይህን እንዳልችል ያደረገኝ ድህነት አልነበረም፤ ችኮላ ነበር።

መካኒኩ ሽፋኑን በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ ቢወለውለው፣ መከላከያ ካልተቀባ በቀር፣ ብዙ ሳይቆይ እንደሚደበዝዝ ነገረኝ። ኃይለኛ አምፖል ቢገባስ? ብርሃኑ በደበዘዘው ሽፋን ተበትኖ ከፊት የሚመጣውን ያሳውራል፤ ሙቀቱም ሽቦውን ይጎዳል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ልለውጥ ብዬ ነበር፤ አንድ ዓይና መኪና ከሩቅ ሞተር ብስክሌት ትመስላለች ሲለኝ ተውኩት። ሁለቱንም አስለወጥኩ፤ ከግድግዳ ፊት አቁሞ አቅጣጫቸውን አስተካከለልኝ።

በዚያው ሳምንት ማታ በዚያው መንገድ ተመለስኩ። በመንገዱ ዳር ያን ሁሉ ሰው ሳይ ደነገጥኩ። ከዚያ በፊት ስንቶቹ አይተውኝ፣ እኔ ሳላያቸው እንዳለፍኩ አላህ ነው የሚያውቀው።