መጽሐፉ ለልጅ፣ ወንበሩ ለእስቴው

ይህን ታሪክ የሰማ ሰው «የትኛው ደብር ነው? የኔታስ ስማቸው ማን ነው?» እያለ እንዳይደክም አስቀድሜ ልናገር፤ ምሳሌ ነው። ምሳሌ ስለሆነ ግን አገር የለውም ማለት አይደለም። አገሩ ከጉና በስተምሥራቅ፣ ጋይንት ነው፤ ገብሱን ውርጭ የሚቀጣው፣ ቆሎ ተማሪ ደበሎውን ደርቦ ጎጆው ደጃፍ ላይ ፀሐይ የሚጠብቅበት ደጋ። ዘመኑም የቤተ ክርስቲያን መሬት ገና ያልተነካበት፣ ከአንቺም ጦርነት ወዲህ ሠላሳ ዓመት ያህል ያለፈበት ነው እንበል።

እዚያ አንድ የድጓ መምህር ነበሩ፤ ቤተ ልሔም ገብተው ያስመሰከሩ። ቤተ ልሔም ስል የይሁዳዋን አይደለም፤ ጋይንት ውስጥ ያለችውን ነው። የድጓ ተማሪ ከየትም ይምጣ ከየት፣ መምህር ልባል ካለ እዚያ ቀርቦ ይመሰከርለታል። ዝማሬና መዋሥዕት የሚሻም እዚያው ጋይንት ዙር አባ ይሄዳል። ወደ እስቴ ሲሻገሩ ግን ቆማ ፋሲለደስ አለ፤ ቆማም የራሱ ዜማ አለው። ያሬድ አንድ ነው፣ ቃሉም አንድ ነው፤ አካሄዱ ግን ይለያል። በዚህ ልዩነት ላይ የሁለቱ አገር ደብተራዎች ሲከራከሩ ያደመጠ ሰው፣ የመሬት ወሰን ክርክር ቀላል ነገር መሆኑን ይረዳል።

የኔታ ሁለት የበሰሉ ተማሪዎች ነበሯቸው። አንዱ የአብራካቸው ክፋይ ነው። ድምፅ የታደለ፤ በክብረ በዓል ቀን እሱ ሲመራ ከቅጽሩ ውጭ ያሉት ሴቶች ሳይቀሩ እልል ይላሉ። ሁለተኛው ከእስቴ የመጣ ነው። በልጅነቱ ቆማ ጀምሮ ኋላ ወደዚህ የገባ፣ ድምፁ ሻካራ፣ ንግግሩ ቁጥብ። ሌላም ከስማዳ የመጣ አንድ ብላቴና አለ፤ ጾመ ድጓ ገና የጀመረ፣ ለየኔታ ውኃ የሚቀዳ፣ ዓይናቸው ስለደከመ መጽሐፍ የሚያነብላቸው።

የልጅየውና የእስቴው ልዩነት ከድምፅ ይልቅ ብራና ላይ ይታይ ነበር። የድጓ ተማሪ ደንቡ የራሱን ድጓ በእጁ መጻፍ ነው። እስቴው የፍየል ቆዳ ለምኖም ገዝቶም፣ ወጥሮና ፍቆ፣ በወስፌ አስምሮ፣ የመቃ ብርዕ ቀርጾ፣ ከጥላሸት ቀለም በጥብጦ ጻፈ። የድጓ ጽሕፈት እንደ ሌላው መጽሐፍ ቃሉን ጽፎ መገላገል አይደለም። ከቃሉ በላይ በደቃቅ ፊደል ምልክቱ አለ፤ ይዘቱ፣ ደረቱ፣ ቅናቱ፣ ርክርኩ። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ሠሩት የሚባለው ይኸው ምልክት ነው፤ አንዷ ከቦታዋ ፈቀቅ ካለች ዜማው ይሄዳል። እስቴው ቀን የጻፈውን ማታ በጧፍ ብርሃን ያዜመዋል፤ የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። «እዚያ ጋ ተመለስ» ይሉታል። ይመለሳል፤ የሳታትን በቢላዋ ፍቆ እንደገና ይጽፋታል። ሦስት ዓመት ወሰደበት። ልጅየው ግን ያባቱ መጽሐፍ ቤት ውስጥ አለለት፤ ምን ብሎ ይጻፍ? ሲሰማው ተወልዶ ስላደገ ብዙውን በቃሉ ይለዋል፤ የጠፋውን ከዚያው ላይ ያያል። ሰነፍ ነበር አልልም። ምንም ስላልጎደለው ነው የጎደለው።

ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 17 ላይ፣ በእስራኤል ገና ንጉሥ የሚባል ሳይኖር፣ ለሚመጣው ንጉሥ የተደነገገ ነገር አለ። ፈረስ እንዳያበዛ፣ ሚስት እንዳያበዛ፣ ብርና ወርቅ እንዳያከማች ይከለከልና አንድ ሥራ ይታዘዛል፦ ዙፋኑ ላይ ሲቀመጥ ካህናቱ ዘንድ ካለው መጽሐፍ ሕጉን ለራሱ እንዲጽፍ፣ ዕድሜ ልኩንም እንዲያነበው፤ ልቡ በወንድሞቹ ላይ እንዳይታበይ። ያባቱ ቅጂ አይበቃውም ማለት ነው። ዳዊት ጽፎ ቢሆን እንኳ ሰሎሞን የራሱን መጻፍ ነበረበት። ሰሎሞን ፈረሱንም ሚስቱንም ወርቁንም ማብዛቱ ተጽፏል፤ ሕጉን ስለመጻፉ ግን የተጻፈ የለም።

የኔታ ታመው በተነሡ ሰሞን ሽማግሌዎች መጡ፤ የደብሩ አለቃ፣ ጭቃ ሹሙና አንድ ያረጁ ባላምባራስ።

«የኔታ፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥዎ» ሲሉ አለቃው ጀመሩ። «ሰው ግን ሟች ነው። ወንበሩን ለማን እንደሚያወርሱ ይንገሩንና አገሩ ይረፍ።»

«እናንተስ ለማን ትላላችሁ?»

«ይህ ምን ይጠየቃል? ልጅ እያለ!» አሉ ጭቃ ሹሙ። «ለወንበሩ የተሰጠ መሬት አለ። የጋይንት መሬት ለእስቴ ሰው ሊሆን ነው? ደግሞስ ነገ ተነሥቶ ቆማን ቢያስተምርብን?»

ልብ በሉ፤ ዜማው የተነሣው ከመሬቱ ቀጥሎ ነው።

የኔታ የሳሙኤልን ነገር አነሡባቸው። ሳሙኤል በዔሊ ቤት ያደገ ነው። ዔሊ ዓይኑ የፈዘዘ ካህን፣ ልጆቹ አፍኒንና ፊንሐስ ደግሞ የመሥዋዕቱን ሥጋ እየነጠቁ የሚበሉ ነበሩ። በዚያ ቤት ላይ የተቆረጠውን ፍርድ ሌሊት ሰምቶ በማግሥቱ ለዔሊ የተናገረው ብላቴናው ሳሙኤል ነው። እንግዲህ የማይገባ ልጅ ሹመት ምን እንደሚያመጣ ከእሱ በላይ ማን ያውቃል? ሲያረጅ ግን እሱም የገዛ ልጆቹን ኢዮኤልንና አብያን ቤርሳቤህ ላይ ፈራጆች አድርጎ ሾመ። እነሱም መማለጃ በሉ፤ ፍርድ አጣመሙ። የእስራኤል ሽማግሌዎች ራማ ድረስ መጥተው ንጉሥ እንዲያነግሥላቸው የጠየቁት በዚህ ምክንያት ነው። ነቢይን መውቀስ ድፍረት ነው፤ ይህን ቦታ ሳነብ ግን የሚገርመኝ የልጆቹ ጥፋት አይደለም። ሁሉን በዓይኑ ያየ ሰው እንዴት በዚያው መንገድ ሄደ?

«ሙሴም ልጆች ነበሩት፤ ጌርሳምና ኤሊዔዘር» አሉ የኔታ። «ምድረ ርስትን ታያታለህ እንጂ አትገባባትም ሲባል ግን የልጆቹን ስም አላነሣም። ለሕዝቡ የሚሆን ሰው እንዲሾም ነው የለመነው። የተሾመው ኢያሱ ከኤፍሬም ነገድ ነው፤ ሙሴ ሌዋዊ። ያገሩ ልጅ እንኳ አይደለም ብትሉ ይሻላችኋል።»

አለቃው ሊቅ ናቸውና ዝም አላሉም። «ኢያሱ ራሱስ? 110 ዓመት ኖሮ ተተኪ ሳይሾም ሞተ። ከዚያ በኋላ ያለው ዘመነ መሳፍንት ነው፤ ሰው ሁሉ ደስ ያለውን የሠራበት። እግዚአብሔር ያውቃል ብሎ መተውም አገር ያፈርሳል።»

«እኔ ኦሪቱን አላውቅም» አሉ ባላምባራሱ። «አንቺምን ግን አውቃለሁ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ከራስ ጉግሣ ወሌ ጋር ነበርሁ። የጳጳሱን ውግዘት በወረቀት የበተነብን አውሮፕላን ቦምብ ይዞ ተመለሰ። አንድ አልጋ ላይ ንግሥትም ነበሩ፣ አልጋ ወራሽም ነበሩ፤ ያለቀው መሃል ላይ የነበረው የበጌምድር ልጅ ነው። ራስም እዚያው ወደቁ፤ ንግሥቲቱም በሁለተኛው ቀን አረፉ። ማንንም ያስቀምጡ የኔታ፤ ብቻ ቆመው ያስቀምጡ፣ ሰው እያየ።»

የኔታ ብዙ ዝም አሉ። ልጃቸውን ይወዱታል፤ ድምፁን ከማንም በላይ ይወዱታል። በመጨረሻ፣ «ድጓውን ያስተማረኝ፣ ጉባኤውን ያቆመው እግዚአብሔር ነው ስል ኖሬያለሁ። ዛሬ የኔ ደም ካልጠበቀው ይወድቃል ካልሁ፣ ያን ሁሉ ዓመት ስዋሽ ነበር ማለት ነው» አሉ።

በቀጣዩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሙ። ሙሴ ኢያሱን በካህኑ በአልዓዛርና በማኅበሩ ሁሉ ፊት አቁሞ እጁን እንደጫነበት፣ እሳቸውም የእስቴውን እጅ ይዘው ሁሉ እንዲሰማ ተናገሩ፦ «መጽሐፌ ለልጄ ነው፤ የደሜ ነውና። ወንበሩ ለዚህ ነው፤ መሬቱም ከወንበሩ ጋር ይሄዳል።» ልጅየው መጽሐፉን በሁለት እጁ ተቀበለ። ፊቱን ያየ ሰው ግን መቀበሉን እንጂ መርካቱን አላየም።

ሰኞ ጠዋት የሆነው ከእሑዱ ይበልጣል። የኔታ አጎዛቸውን ከወንበሩ ላይ አንሥተው ሣሩ ላይ፣ ከጀማሪዎቹ መካከል፣ ከስማዳው ብላቴና አጠገብ አነጠፉና ተቀመጡ።

የአይሁድ ሊቃውንት በጥንት ትርጓሜያቸው ስለ ሙሴ የሚተርኩት አለ። ሙሴ ዕድሜው እንዲረዝም ለመነ፤ ለዚህም ሲል የኢያሱ ደቀ መዝሙር ሆኖ መኖርን ወደደ። ወደ ኢያሱ ድንኳን ሄዶ በግራው ተራመደ። ደመናው ወርዶ በሁለቱ መካከል ገባ፤ ሲነሣ ሙሴ ምን እንደተነገረው ኢያሱን ጠየቀ። ኢያሱም አንተ ሲነገርህ እኔ አውቅ ነበር ወይ አለው። ያን ጊዜ ሙሴ በልቡ ቅናት ሲነሣ አየ፤ ከአንዲት ቅናት መቶ ሞት ይሻላል ብሎም ለሞቱ ታዘዘ ይላሉ። ኦሪቱ ውስጥ ይህ የለም። ወንበር ለቆ የሚያውቅ ሰው የጨመረው ይመስለኛል።

የኔታም አልቀረላቸውም። ገና በመጀመሪያው ሳምንት፣ እስቴው ቀለም ሲነግር አንድ ቦታ ላይ የልጅነቱ ዜማ ወጣበት። የበሰሉት ተማሪዎች አንገታቸውን አዙረው የኔታን አዩ። የኔታ እንደ ጀማሪዎቹ ተከትለው አዜሙ። ያችን ቀን ሌሊት ግን እንቅልፍ እንዳልወሰዳቸው ብላቴናው ያውቃል።

ማታውን እስቴው ራሱ መጣ።

«የኔታ፣ ዛሬ ያልሁት ቆማ ነው።»

«ሰማሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ተማሪ መምህሩን በጉባኤ መሃል ያርማል? አሁን ግን ቤቴ ነህ፤ ቁጭ በል።» አብረው አዜሙት። በማግሥቱ እስቴው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ትናንት የተሳሳተ እሱ መሆኑን ተናግሮ እንደገና ነገራቸው።

እንዲህ ቢሆንም ጉባኤው ከመከፈል አልዳነም። ልጅየው መጽሐፉን ይዞ ወንዝ ተሻገረ፤ ወንበር ዘረጋ። የተማሪው እኩሌታ ድምፁን ተከትሎ ሄደ። ጭቃ ሹሙ መጀመሪያ ልጁን የደገፉ ናቸው፤ አሁን ግን ትልቁ ጉባኤ መጉደሉ አንገበገባቸውና ማዶ ያሉት ተማሪዎች «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለው ሲለምኑ ቁራሽ እንዳይሰጣቸው ለአገሩ ሊለፍፉ አሰቡ። ባላምባራሱም ጠመንጃቸውን ወለወሉ፤ ሰው ይዤ ሄጄ አመጣቸዋለሁ አሉ። አንቺምን ያየ ሰው እንኳ ይረሳል።

እስቴው የኔታን ሊያማክር ገባ። የኔታ ምክር አልሰጡትም። ብላቴናውን ጠርተው የሮብዓምን ታሪክ አንብብ አሉት። ብላቴናው እየተደናቀፈ አነበበ፦ ሮብዓም ሴኬም ላይ የሽማግሌዎቹን ምክር ትቶ የእኩዮቹን እንደሰማ፣ ዐሥሩ ነገድ ከኢዮርብዓም ጋር እንደሄዱ፣ ንጉሡም ሊመልሳቸው ከመቶ ሺህ በላይ ጦር እንደሰበሰበ። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው እስከዚህ ነው። ብላቴናው ግን ቀጠለ፦ ሸማያ የተባለ የእግዚአብሔር ሰው ወንድሞቻችሁን አትውጉ፣ ወደየቤታችሁ ግቡ አላቸው፤ ያ ሁሉ ጦር ሰምቶ ተመለሰ። በሮብዓም ዘመን የተሠራ አንድ መልካም ነገር ቁጠሩ ብባል እኔ ይህን እቆጥራለሁ።

«ከዚያስ?» አለ እስቴው።

«ከዚያማ የወንበሩ ባለቤት አንተ ነህ» አሉት የኔታ።

የወንበሩ መሬት ገብስ ሲወቃ እስቴው አውድማው ላይ ቆሞ፣ እኩሌታው ወንዝ ማዶ እንዲሄድ አዘዘ። ጭቃ ሹሙ ጮኹ፤ አለቃው ራሳቸውን ነቀነቁ። የሚጭን ሰው ጠፋ። ኋላ ባላምባራሱ እያጉረመረሙ በቅሏቸውን አቀረቡ፤ «ማታ ካልመለሳችኋት ግን እኔና እናንተ!» አሉ። ብላቴናው ነድቷት ሄደ።

በቅሎዋ ማታ አልመጣችም። ባላምባራሱ ሲሳደቡ አድረው፣ በማግሥቱ ረፋድ ላይ ብላቴናው ደረሰ። እስቴው ቀለም መንገሩን አቁሞ፣

«ምን አሉ?» አለው።

«ገብሱን ተቀበሉ። አሳደሩኝ። ደግሞ፣ የፍየል ቆዳ የሚሸጥ ሰው እናንተ ዘንድ አለ ወይ ብለዋል።»

«ስንት ነው የሚፈልገው?»

«ቁጥሩን አልነገሩኝም። ብዙ ነው ያሉኝ።»