ስለ መሪና ስለ ተቀባይ

የልጅ ልጄ በትምህርት ዕረፍትዋ ጊዜ ዋሽንግተን ወደሚገኘው ቤቴ መጥታ ሳለ፥ ከዱሮ ሸክላዎቼ አንዱን አውጥቼ አሰማኋት። ጥቂት ካደመጠች በኋላ «የሚዘፍነው ማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ሳላስብ «ሌቪ ስታብስ ይባላል» ብዬ መለስሁላት። እርስዋ ግን በዋዛ የምትለቅ ልጅ አይደለችምና «አባባ፥ የምሰማው የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ አይደለም እኮ፤ የቀሩትስ እነማን ናቸው?» አለችኝ።

በዚህ ጊዜ አፈርሁ። የቀሩትን ስም ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ የሦስቱንም ከነታሪካቸው አውቃለሁ። ያፈርሁት፥ በወጣትነቴ ይህንኑ ጥያቄ ሰው ሊጠይቀኝ ሲገባ ማንም ስላልጠየቀኝ፥ እኔም ባለመጠየቄ ደስ ብሎኝ ዝም ስላልሁ ነው። ወደዚህ ጉዳይ ኋላ እመለሳለሁ። አስቀድሜ ግን ለእናንተ ለወጣቶቹ አንባቢዎቼ ጥያቄውን ላቅርብላችሁ። ከሌሎች ጋራ አንድ ሥራ የሚሠራ፥ ነገር ግን ከባልንጀሮቹ የበለጠ ስጦታ ያለው ሰው፥ ስሙ ብቻውን እንዲጠራ መብት አለውን?

ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የማወራው ነገር አብዛኛው የተደረገው በእነርሱ አገር ነውና።

በ1950ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ ከተሞች በጥቁሮቹ ሠፈር የሚኖሩ ልጆች አራት ወይም አምስት ሆነው በየመንገዱ ማዕዘንና በየደረጃው ሥር ይዘፍኑ ነበር። መሣሪያ መግዣ ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ጉሮሮ ግን ነበራቸው። አዘፋፈኑን አብዛኛውን ከየቤተ ክርስቲያናቸው ነው ያመጡት። ኋላ «ሶል» የተባለው ሙዚቃ ያደገው ከዚህ ነው። አንዱ መሪ ይሆናል፤ አንዱ በቀጭን ድምፅ ከላይ፥ አንዱ ከመካከል፥ አንዱ ደግሞ በወፍራም ድምፅ ከታች ይይዛል። ለአገራችን ሰው ይህ ፈጽሞ እንግዳ ነገር አይደለም። በሠርግ ቤት አውጪና ተቀባይ አለ፤ ተቀባይ ያጣ አውጪም ከሰው መካከል ብቻውን የሚጮህ ሰው ይመስላል። ልዩነቱ የእኛ ተቀባዮች አንዱን ዜማ በኅብረት ሲመልሱ፥ የእነርሱ ተቀባዮች ግን እያንዳንዳቸው የተለየ ድምፅ ይዘው እርስ በርሳቸው መግጠማቸው ነው። ስለዚህ የመካከለኛው ድምፅ ብቻውን ቢሰማ ዘፈን አይመስልም። ከሌሎቹ መካከል ቢወጣ ግን፥ ሰሚው ምን እንደ ጎደለ ሳያውቅ አንድ ነገር ይጎድልበታል።

በ1959 ቤሪ ጎርዲ የሚባል፥ ቀድሞ በዲትሮይት የመኪና ፋብሪካ ሠራተኛ የነበረ ሰው፥ ከቤተሰቡ 800 ዶላር ተበድሮ ኋላ «ሞታውን» ተብሎ የታወቀውን የሸክላ ኩባንያ አቋቋመ። አንድ ተራ መኖሪያ ቤት ገዝቶ ዘፈን መቅረጫ አደረገው። ልጆቹን ከሠፈር እያመጣ፥ አለባበስና አነጋገር የምታስተምር ሴት፥ የእግር አጣጣል የሚያስተምር ሰው ቀጠረላቸው። ከዚያ ቤት የወጣው ዘፈን ባሕር ተሻግሮ እኛ ዘንድ ደረሰ።

እኛ ዘንድ የደረሰው በሁለት መንገድ ነበር። በአስመራ በቃኘው የነበሩት የአሜሪካ ወታደሮች የራሳቸው ራዲዮን ነበራቸው፤ ከዚያ ያደገ ልጅ የአሜሪካንን ዘፈን ከእኛ ከአዲስ አበባዎቹ ቀድሞ ያውቅ ነበር። ሁለተኛው መንገድ ከ1962 ጀምሮ ወደ አገራችን የመጡት የፒስ ኮር አስተማሪዎች ናቸው፤ ከመካከላቸው ግራማፎንና ሸክላ ይዞ የመጣ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ «ሶል ኤኮስ» የሚባል ባንድ እስኪቋቋም ድረስ የዘመኑ ወጣት በዚህ ነገር ተነክቶ ነበር። እኔና ሦስት የትምህርት ቤት ጓደኞቼም ተነካን። አንዱ ከአስመራ የመጣው ሲሆን የመካከሉን ድምፅ ይይዝ ነበር። አንዱ በቁመት ከሁላችን የሚያንስ፥ ድምፁ ቀጭን ነበረ። ሦስተኛው ገና በዐሥራ ስድስት ዓመቱ እንደ ሽማግሌ የሚያጉረመርም ወፍራም ድምፅ ነበረው። መሪው እኔ ነበርሁ። የእንግሊዝኛውን ቃል ግማሹን ሳናውቀው በጆሮ ብቻ እያጠናን የፎር ቶፕስን ዘፈን እንዘፍን ነበር። ከሁሉም የምንወደው በ1966 የወጣውንና «ሪች አውት» እያልን በአጭሩ የምንጠራውን ነበር።

ፎር ቶፕስ አራት የዲትሮይት ልጆች ናቸው፤ ሌቪ ስታብስ፥ አብዱል ፋኪር፥ ሬናልዶ ቤንሰንና ሎረንስ ፔይተን። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተገናኝተው አብረው ዘፈኑ፤ ሞታውን የገቡት ግን በ1963 ነው። ከዚያ በፊት ዐሥር ዓመት ያህል በየምሽት ክበቡ ሲዘፍኑ ዕውቅና አላገኙም። ፔይተን በ1997 እስኪሞት ድረስ ከአራቱ አንድም ሰው አልተለወጠም፤ ከአርባ ዓመት በላይ ማለት ነው። (ፋኪር በ2024 ሲሞት፥ የዘር ሐረጉ ከቤንጋልና ከኢትዮጵያ ይመዘዛል ተብሎ በጋዜጣ ተጽፎ አነበብሁ። እኛ የታወቀ ሰው ሁሉ የእኛ ነው ማለት እንወዳለን፤ ይህን ግን የጻፉት ፈረንጆቹ ናቸው።)

የስታብስ ድምፅ ከሦስቱ ድምፅ ጋራ የሚወዳደር አልነበረም። ይህን ሁሉም ያውቅ ነበር፤ እርሱም ያውቅ ነበር። ብቻውን እንዲዘፍን፥ ወይም ስሙ ከቡድኑ ስም ፊት እንዲጻፍ ሲጠይቁት ግን እምቢ አለ። በዚያ ዘመን ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። በ1965 ሚራክልስ የተባለው ቡድን «ስሞኪ ሮቢንሰንና ሚራክልስ» ተባለ። የቴምቴሽንስ መሪ ዘፋኝ የነበረው ዴቪድ ራፊንም ስሜ በፊት ይቀመጥልኝ እያለ ይከራከር ነበር ይባላል፤ በ1968 ከቡድኑ ተባረረ። ከተባረረ በኋላ እንኳ ባልንጀሮቹ ሲዘፍኑ ካለበት ተነሥቶ ወደ መድረክ እየዘለለ ይወጣባቸው ነበር። ይህን ባሰብሁ ቍጥር ልፈርድበት አልችልም። በፊት መቆምን የለመደ ሰው ከሕዝቡ መካከል ተቀምጦ የሌላውን አፍ መመልከት ምን ያህል እንደሚከብደው እገምታለሁና።

የሱፕሪምስ ነገር ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልብ ያሳዝናል። ሦስቱም ሴቶች ከአንድ የዲትሮይት የድኾች መኖሪያ የወጡ ናቸው። በ1961 ከሞታውን ጋራ ሲዋዋሉ «ሱፕሪምስ» የሚለውን ስም የመረጠችው ፍሎረንስ ባላርድ ነበረች። ኋላ በዘፈኖቹ ሁሉ በፊት የምትቆመው ዳያና ሮስ ሆነች። ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ድምፅዋ በራዲዮን ጥሩ ሆኖ ይሰማ ነበር፥ እርስዋም ሥራ የማትፈራ ሴት ነበረች። ቡድኑ 12 ጊዜ በአሜሪካ የዘፈን ዝርዝር ላይ አንደኛ ሆነ። በ1967 ስሙ «ዳያና ሮስና ሱፕሪምስ» ተብሎ ተለወጠ፤ በዚያው ዓመት ፍሎረንስ ከቡድኑ ወጣችና ሌላ ሴት ተተካች። በ1976 በ32 ዓመትዋ ስትሞት ከመንግሥት የድኾች ርዳታ እስከ መቀበል ደርሳ ነበር። በ1969 የወጣው የመጨረሻው ታላቅ ዘፈናቸው «አንድ ቀን አብረን እንሆናለን» የሚል ስም አለው። በሸክላው ላይ የቡድኑ ስም ተጽፏል፤ ነገር ግን ከዳያና በቀር የቀሩት የሁለቱ ድምፅ በውስጡ የለም። የተቀበሏት ሌሎች ዘፋኞች ናቸው።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። አንዳንዶች «ሕዝቡ ገንዘቡን ከፍሎ የመጣው መሪውን ሊሰማ ነው፤ እንግዲህ ስሙ ቢጠራ ምን ነውር አለው?» ይላሉ። ይህ ክርክር እንዲያው የሚናቅ አይደለም። እኔም ስጦታ ሁሉ እኩል ነው ብዬ አልዋሽም። የበለጠ የሠራ የበለጠ ዋጋ ቢቀበል አልከራከርም። ነገር ግን ስምና ዋጋ አንድ አይደሉም። ዋጋ የድርሻ መለኪያ ነው፤ ድርሻ ሊያንስም ሊበዛም ይችላል። ስም መጥራት ግን ምስክርነት ነው። «ይህን ያደረገው እገሌ ነው» ብዬ ስናገር፥ ከእገሌ ጋራ ሦስት ሰዎች እንደ ነበሩ እያወቅሁ ከተውኋቸው፥ ከተናገርሁት ውስጥ አንድም ሐሰተኛ ቃል ሳይኖር በሐሰት መስክሬያለሁ። ስታብስ እምቢ ሲል ድምፄ ከእናንተ ድምፅ አይበልጥም ማለቱ አይመስለኝም። ይህን ቢል ኖሮ ትሕትና ሳይሆን ማታለል ይሆንበት ነበር።

አሁን የራሴን ላውራ። በ1969 የትምህርት ዘመኑ ሲዘጋ በዓል ተደርጎ አራታችን እንድንዘፍን ተፈቀደልን። በዓሉን የሚያዘጋጀው ሰው ልብሳችንን ተመለከተና፥ ደህና ልብስ ያለው አንዱ ብቻ ስለ ሆነ እርሱ በመድረኩ ላይ ይቁም፥ የቀሩት ከመጋረጃው በስተኋላ ሆነው ይቀበሉት አለ። ደህና ልብስ የነበረኝ እኔ ነኝ፤ ኮቱ የታላቅ ወንድሜ ነበር። ጓደኞቼ ወደ እኔ ተመለከቱ። እኔ የተመለከትሁት ወደ መሬት ነው። «እንግዲያው ይቅር፥ አንዘፍንም» ለማለት አምስት ቃል እንኳ አያስፈልግም ነበር።

ዘፈንን። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ብዙ ሰው ከመጋረጃው ኋላ የሚሰማው ድምፅ ከሸክላ የሚወጣ መስሎት ነበር። አንድ ትልቅ ሰው ትከሻዬን ይዞ «ሸክላው ጥሩ ነው፥ አንተ ግን ከሸክላው ትበልጣለህ» አለኝ። እኔም «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ እጅ ነሣሁ። ባለ ወፍራሙ ድምፅ ጓደኛዬ ሦስት እርምጃ ያህል ርቆ ቆሞ ይህን ሰምቷል። ወደ ቤት ስንሄድ አልወቀሰኝም። ብቻ፥ ሊሰናበተኝ ሲል «ከውጭ ሆኖ ሲሰማ የእኔ ድምፅ ደህና ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ በኋላ አራታችን አብረን አልዘፈንንም። የተጣላ ግን አልነበረም፤ ሁሉም ፈተና አለብኝ፥ ጉዳይ አለብኝ እያለ ቀረ። ያ ልጅ በ1977፥ በቀይ ሽብር ጊዜ፥ ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። ድምፁ በምንም ነገር አልተቀረጸም።

ወደ አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ስለነዚህ ዘፋኞች የተጻፈውን ሁሉ መሰብሰብ ጀመርሁ። በዋሽንግተን ሃዋርድ የሚባለው በ1910 የተከፈተ ቲያትር ቤት ሱፕሪምስ የዘፈኑበት ነው፤ ለብዙ ዓመት ተዘግቶ ኖሮ በ2012 እንደ ገና ሲከፈት ሄጄ አየሁት። ከዚያ ጥቂት ወረድ ብሎ ያገሬ ሰዎች ምግብ ቤቶች አሉ። በዚህ ፍለጋዬ መካከል አንድ ያላሰብሁትን ነገር አገኘሁ። በብዙዎቹ የፎር ቶፕስ ሸክላዎች ላይ፥ ከአራቱ ወንዶች ድምፅ በላይ የሚሰማው ቀጭን ድምፅ የሴቶች ነው። አንዳንቴስ የሚባሉ ሦስት ሴቶች፥ ጃኪ ሂክስ፥ ማርሊን ባሮውና ሉቬን ዴምፕስ፥ በሞታውን እጅግ ብዙ ዘፈኖች ላይ ተቀብለዋል፤ ስማቸው ግን በሸክላው ላይ አልተጻፈም። መሣሪያ የሚጫወቱትም እንደዚሁ ነበሩ። የባስ ጊታር ተጫዋቹ ጄምስ ጀመርሰን ስሙ በሞታውን ሸክላ ልባስ ላይ ታትሞ የታየው በ1971 በማርቪን ጌይ ሸክላ ላይ ነው።

ያን ያነበብሁ ዕለት መጀመሪያ የሳቅሁት ሳቅ ነበር። ያ ቁመተ አጭሩ ጓደኛችን ያንን ከፍተኛ ድምፅ ለመድረስ ጉሮሮው እስኪደማ ይታገል ነበር፤ እኛም «ወንድ አይደለህምን? እነርሱ እንዴት ደረሱበት?» እያልን እንሰድበው ነበር። እነርሱም አልደረሱበትም ኖሯል። ከሳቁ በኋላ ግን ነገሩ ከበደኝ። የምስክርነት ምሳሌ ብዬ የያዝሁት ሰው እንኳ የቆመው ስማቸው ባልተጠራ ሴቶች ድምፅ ላይ ነው። እንግዲህ ምስክርነቱ የት ላይ ያቆማል? ሸክላውን ያተመውን፥ ኮቱን የሰፋውንም ልንጠራ ነውን? ይህን ለመወሰን ብዙ ጊዜ ሞከርሁ፤ ወሰኑን በቍጥር ላበጅለት አልቻልሁም። የማውቀው ይህን ያህል ነው፤ ድምፁ በጆሮዬ የገባውን ሰው፥ ስሙን እያወቅሁ፥ ተጠይቄ ብደብቅ ጥፋተኛ ነኝ። ባልጠየቁኝ ጊዜ ዝም ብልስ? በዚያ አዳራሽ ማንም አልጠየቀኝም ነበር። እኔ ግን በዚህ ምክንያት ራሴን ነጻ ላወጣ አልቻልሁም።

ቁመተ አጭሩ ጓደኛችን ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ላይ በሕመም ዐርፏል። የሴቶቹን ነገር ሳልነግረው ቀረሁ። ከአራታችን የቀረነው እኔና ያ ከአስመራ የመጣው ነን፤ እርሱም ዛሬ በስዊድን አገር ይኖራል።

የልጅ ልጄ ከጠየቀችኝ በኋላ በማግስቱ ስልክ ደወልሁለት። ስለ መጋረጃው አንሥቼ ይቅርታ ልጠይቀው ስጀምር አላስጨረሰኝም፤ «አንተ ሰውዬ፥ ይህን እስካሁን ይዘኸው ኖርህ?» አለና ሳቀ። ቀጥሎም የራሱን ድርሻ አሁንም እንደሚያስታውሰው ነገረኝና፥ ሳልለምነው፥ በስልኩ ውስጥ ማንጎራጎር ጀመረ። በቦታው ሌላ ሰው ቢኖር ምን ዘፈን እንደ ሆነ ሊያውቀው አይችልም ነበር፤ ከፍ የማይል፥ ዝቅ የማይል፥ ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ብቻ የሚመላለስ ድምፅ ነው። እኔ ግን የምገባበት ቦታ ሲደርስ አወቅሁት። አፌን ከፈትሁ፤ ከዚያም ዘጋሁትና እስከ መጨረሻው አደመጥሁት።