የሌላውን መክሊት መቅበር

መክሊቱን ስለቀበረው አገልጋይ ብዙ ሰምተናል። የሌላውን መክሊት የሚቀብረውስ?

በታኅሣሥ 1920 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዝ፣ ሊቨርፑል ከተማ ሁለት የሴቶች ቡድኖች ለበጎ አድራጎት ሲጋጠሙ 53 ሺህ ያህል ሰው ተመለከታቸው። በዓመቱ የአገሪቱ እግር ኳስ ማኅበር ጨዋታው ለሴቶች አይስማማም ብሎ ክለቦች ሜዳ እንዳይሰጧቸው ከለከለ። ክልከላው 50 ዓመት ያህል ቆየ።

በ2022 በባርሴሎና ካምፕ ኑ የሴቶችን ጨዋታ 91,648 ሰው ተመለከተ። «የሴቶች ኳስ አደገ» እንላለን። እውነት ነው፤ ነገር ግን ያኔም የጎደለው ሜዳ እንጂ ችሎታ አልነበረም።

ከልካዮቹ ሴቶቹን የጠበቁ መስሏቸው ይሆናል። እኛስ እኅታችንን «ይህ ላንቺ አይሆንም» ስንላት የምንጠብቀው እርሷን ነው ወይስ የለመድነውን? የተዘጋ ሜዳ ይከፈታል፤ ያለፈ የወጣትነት ዕድሜ ግን አይመለስም።