ወፏን ከሰው መጠበቅ

ልጆቼ፣ ዲሲና አካባቢው አድጋችሁ ባዮሎጂ ወይም አካባቢ ጥበቃ ከምታጠኑት መካከል ሰመሩን አትላንቲክ ዳርቻ ላይ ወፍ በመጠበቅ ልታሳልፉ ያሰባችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ወላጆቻችሁ ግራ ቢጋቡ አትቀየሟቸው። እኛ ባደግንበት ልጅ ማማ ላይ ወጥቶ፣ ወንጭፉን እያጮኸ፣ ማሽላውን ከወፍ ይጠብቃል፤ እናንተ ደግሞ ወፏን ከሰው ልትጠብቁ ነው። ለዚያውም በደመወዝ!

ወፏ ፓይፒንግ ፕሎቨር ትባላለች። ክብደቷ 50 ግራም ገደማ፣ መልኳም የደረቀ አሸዋ ነው። ጎጆዋ ጎጆ አይባልም፤ አሸዋው ትንሽ ተጭሮ አራት እንቁላል የሚቀመጥበት ጉድጓድ ነው። በ1986 የአሜሪካ መንግሥት በሕግ ከለላ ሥር ሲያስገባት ማሳቹሴትስ ውስጥ የቀሩት 140 ጥንድ ገደማ ነበሩ። ዛሬ ከ1,000 ጥንድ አልፈዋል። ይህን ያመጣው ሕጉ ብቻ አይደለም፤ በየዓመቱ ጸደይ ሲገባ ተቀጥረው መኸር ሳይደርስ የሚሰናበቱ እንደ እናንተ ያሉ ወጣቶች እግር ነው።

ሥራው ከማርች መጨረሻ ወይም ከኤፕሪል ይጀምራል። እንጨት ተክሎ ገመድ መዘርጋት፣ ማስጠንቀቂያ መስቀል፣ ጎጆ መፈለግ፣ መቁጠር፣ አንዳንዴም እንቁላሉን ከቀበሮና ከቁራ በሽቦ መከለል አለ። ይህ ቀላሉ ነው። ነገር የሚመጣው ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ነው። የሚያጎርሳቸው የለም፤ በተፈለፈሉ በሰዓታት ውስጥ ራሳቸው ምግብ ፍለጋ ወደ ውኃው ዳር ይሮጣሉ፤ ለመብረር ግን አንድ ወር ገደማ ይቀራቸዋል። ሲደነግጡ ደግሞ ባሉበት መሬት ላይ ይለጠፋሉ። መኪና በሄደበት የጎማ ዱካ ውስጥ ተለጥፋ የቀረችን ጫጩት ሹፌሩ አያያትም። ይህ ሁሉ የሚሆነው በጁንና በጁላይ፣ ሰዉ ጃንጥላውን፣ ውሻውንና ልጆቹን ይዞ በሚወርድበት ሰሞን ነው። ስለዚህ ዳርቻው ይዘጋል። ሲዘጋ የሚሰደበው ወፏ ሳትሆን እናንተ ናችሁ።

ሰሜን ካሮላይና፣ ኬፕ ሃተራስ ላይ በአሸዋው መኪና የመንዳት ክርክር ፍርድ ቤት ደርሶ በ2008 በስምምነት ገደብ ተጥሎበታል። ቂሙ ግን በዚያ አላበቃም። አባቱ ዓሣ ያጠመደበትን ቦታ በገመድ ተከልክሎ የሚያገኘው ሰው፣ ለዓሣ አጥማጅ ምግብ ሸጣ የምትኖር ሴት፣ ቢቆጡ ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ይህን ሳይረዳ ገመድ የሚዘረጋ ልጅ ሰመሩን በጭቅጭቅ ይጨርሰዋል።

ለዚህ ነው ወፏን የሚያድናት አንደበታችሁ ነው የምለው። የወፍ ዝርያን ሁሉ በቃሉ የሚያውቅ ተማሪ አይታጣም። ለቅሶ ቤት ሲገባ ማንን ቀድሞ ሰላም እንደሚል፣ የተቆጣ ሽማግሌን እንዴት እንደሚያበርድ እያየ ያደገ ልጅ ግን እዚያ ዳርቻ ላይ ብርቅ ነው። እናንተ ይህን በነጻ ተምራችኋል፤ ተጠቀሙበት። ሰላምታ ሳትሰጡ ሕግ አታንሱ። ውሻውን እሰር ከማለታችሁ በፊት የውሻውን ስም ጠይቁ። ቴሌስኮፑን ዝቅ አድርጋችሁ መጀመሪያ ለሕፃኑ አሳዩት፤ እናቱ ራሷ ትከተላለች። አሻፈረኝ የሚል ሰው ከገጠማችሁ ደግሞ እናንተ ፖሊስ አይደላችሁም፤ ለአለቃችሁ ደውላችሁ ዞር በሉ።

አንድ ነገር ሳላለሳልስ ልንገራችሁ። በሜይ 2020 ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ክርስቲያን ኩፐር የተባለ ጥቁር የወፍ ተመልካች አንዲትን ሴት ውሻዋን እንድታስር ቢጠይቃት ለፖሊስ ደውላበታለች። እናንተም የምትጠይቁት ይህንኑ ነው፣ አብዛኛው ሰው ነጭ በሆነበት ዳርቻ፣ አንዳንዴ ገና ሳይነጋ፣ ብቻችሁን። ስለዚህ የመሥሪያ ቤቱ ስም የተጻፈበትን ልብስና መታወቂያ ሳትይዙ አትውጡ። ለቅጥር ቃለ መጠይቅ ስትቀርቡ ሰው ቢተናኮለን ምን ታደርጋላችሁ ብላችሁ እናንተም ጠይቋቸው። በጥያቄው የሚሸማቀቅ አለቃ ካያችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ስለ ገንዘቡም እናውራ። ክፍያው በሰዓት ነው፤ አያበለጽግም። ዋናው ጥያቄ መኖሪያ ይሰጣሉ ወይ የሚለው ነው፤ ባሕር ዳር ከተሞች በሰመር ኪራያቸው የሚቀመስ አይደለም። ማመልከቻ የሚገባው በክረምት፣ በረዶው ሳይቀልጥ ስለሆነ ሜይ ላይ የሚነቃ ተማሪ ያመልጠዋል። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በአብዛኛው ዜግነት ይጠይቃሉ፤ ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች ዘንድ ግን ብዙ ጊዜ የሥራ ፈቃድ ይበቃል። የጤና ኢንሹራንስ የማይሰጥ ቀጣሪ ቢገጥማችሁ፣ 26 ዓመት እስኪሞላችሁ በወላጆቻችሁ ኢንሹራንስ ሥር መቆየት እንደምትችሉ አትርሱ። መንጃ ፈቃድ የሌላችሁ አሁኑኑ አውጡ።

ጾመኛ የሆናችሁ፣ ሁዳዴ ከሥራው መጀመሪያ ጋር ይገጣጠማል። ልፍስፍስ አሸዋ ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ መሄድ ቀልድ አይደለምና ለአለቃችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ የፋሲካን ቀንም ስትቀጠሩ አስፈቅዱ። እሑድና ጁላይ 4ን ግን ተዉት፤ ያን ቀን ሰው ይበዛልና ሥራው ይፈልጋችኋል። ማታ ማታ ገላችሁን ለመዥገር ፈትሹ፤ የላይም በሽታ በዚያ ዳርቻ የተለመደ ነው። የቆጠራውን መዝገብ በዕለቱ ጻፉ፤ ምንም ያላያችሁበትን ቀን ዜሮ ብላችሁ ጻፉ እንጂ አትዝለሉት።

ሁለት ሰመር ከሠራችሁ በኋላ ቡድን መምራትን ጠይቁ። በሦስተኛውም ያንኑ ገመድ እንድትዘረጉ ብቻ ከፈለጓችሁ፣ ከአለቃችሁ የድጋፍ ደብዳቤ ይዛችሁ ለማስተርስ አመልክቱ።